ከማካፈላችሁ በፊት

ልጆቼ፣

ሒሳብ ሳስተምር ዕድሜዬን ጨርሻለሁ። ዛሬ ስልካችሁን ብትጠይቁት ወዲያው እንደሚመልስላችሁ አውቃለሁ። ቢሆንም እስክሪብቶ አንሱና ይህን ቁጥር ጻፉልኝ፦ 4294967297። 32 ሁለቶች ተባዝተው 1 ሲደመርበት የሚገኘው ነው።

ፌርማ የተባለው ፈረንሳዊ የሕግ ሰው እ.ኤ.አ. በ1640 የሁለቶቹን ብዛት 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16 እያደረገ 1 ሲደምርበት 3፣ 5፣ 17፣ 257 እና 65537 አገኘ። አምስቱም ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው፤ ከ1ና ከራሳቸው ሌላ አካፋይ የላቸውም። የእኛው ስድስተኛው ነው። ፌርማ እሱም ከእሱ በኋላ የሚመጡትም ሁሉ እንደዚያው ናቸው ብሎ አመነ። ያን የሚያህል ሰው አምስቱን አይቶ ተሳሳተ።

ወጣት ሳለሁ ይህን ሰምቼ፣ አካፋዩን ራሴ ካላገኘሁ ብዬ ተቀመጥኩ። ለ3፣ ለ5፣ ለ7፣ ለ11 እያልኩ ሁለት ሌሊት አካፈልኩ። አንድ ቦታ መቀነስ ተሳስቼ ኖሮ መልሱን ራሱን አልፌው ሄድኩ። የቆጨኝ ድካሙ አይደለም፤ አንዴም ቆም ብዬ «ለመሆኑ የትኛው ቁጥር ነው ሊያካፍለው የሚችለው?» አለማለቴ ነው።

ኦይለር የተባለው ስዊዘርላንዳዊ የሒሳብ ሊቅ ያለው ይህንኑ ነው። በ1732 ገና በ25 ዓመቱ አካፋዩ 641 መሆኑን አሳወቀ፤ መንገዱን በኋላ አስረዳ። ይህን ቁጥር የሚያካፍል ብቸኛ ቁጥር ሁሉ ለ64 ሲካፈል የግድ 1 ይተርፈዋል። ከ641 በታች 115 ብቸኛ ቁጥሮች አሉ። ይህን የሚያሟሉት ግን አራት ብቻ ናቸው፦ 193፣ 257፣ 449፣ 577። አምስተኛው ራሱ 641 ነው። እኔ ሁለት ሌሊት የፈጀሁበት የአምስት ማካፈል ሥራ ነበር።

ሳያካፍሉም ይታያል፤ እኔ ከሁሉ የምወደው ይህንን ነው። 641 ማለት 640 እና 1 ነው፤ ደግሞም 625 እና 16 ነው። 32ቱን ሁለቶች አራትና 28 አድርጋችሁ ለዩአቸው። አራቱ ሲባዙ 16 ናቸው፤ በ16 ፈንታ «641 ሲቀነስ 625» ብላችሁ ጻፉ። 625 አራት አምስቶች ሲባዙ ነው። እያንዳንዱን አምስት ከሰባት ሁለቶች ጋር ብታባዙት 640 ይሆናል፤ 28ቱም ሁለቶች ያልቃሉ። ስለዚህ ቁጥራችን የ641 ብዜት፣ ሲቀነስ አራት 640ዎች የተባዙበት፣ ሲደመር 1 ነው። 640 ከ641 በ1 ስለሚያንስ አራቱ ተባዝተው ለ641 ሲካፈሉ 1 ይተርፋቸዋል። የምንቀንሰው 1 እና የምንደምረው 1 ተጣፉ፤ የቀረው ሁሉ የ641 ብዜት ነው። ይህን ሰሌዳ ላይ ስጽፍ እስከ መጨረሻው ዓመቴ ድረስ ደስ ይለኝ ነበር።

ቀጣዩ 18446744073709551617 ነው። ላንድሪ የተባለ ፈረንሳዊ በ1880 በ82 ዓመቱ አካፋዩን አገኘለት፦ 274177። ለ256 አካፍሉትና ስንት እንደሚተርፍ እዩ።