ከመሃል ወደ መስመር ሲያወጧችሁ

ሰላም ልጆች፣

ይህ ደብዳቤ በተለይ ለአጥቂዎች ነው። በረኞችና ተከላካዮችም ብታነቡት ደስ ይለኛል፤ ግን እናንተን ይሄ በሽታ ብዙም አይነካችሁም። ኩርፊያ ይባላል። ታዳጊ ሳሰለጥን ባረጀሁበት ሜዳ ላይ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ልጁ ጎል ሲያገባ ይከርምና አንድ ቀን "ዛሬ በግራ መስመር ትጫወታለህ" ይባላል። ወዲያው ፊቱ ይጠቁራል። ማሟሟቂያ ላይ ከኋላ ይጎተታል። ኳስ ሲነጠቅ ቆሞ ያያል። ማታ ደግሞ አጎቱ ይደውልልኛል። "ኮች፣ ልጁን ለምን ታባክነዋለህ?" ይለኛል።

እንዲህ ዓይነት ልጅ ሲያጋጥመኝ የማወራለት ስለ ማሪዮ ማንዙኪች ነው። የክሮሺያው አጥቂ። ትልልቆቻችሁ ከ2018ቱ የዓለም ዋንጫ ታስታውሱታላችሁ። ትንንሾቹ ቪዲዮውን ፈልጋችሁ እዩ። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ከአሁኑ ልንገራችሁ፣ ሲያዩት የሚያምር ተጫዋች አልነበረም። አብዶ የለውም። ሩጫውም የሚያስደነግጥ አይደለም። ያለው ሦስት ነገር ነው፤ ቁመት፣ ቴስታ፣ የማያልቅ ትንፋሽ። ቁመቱ 1 ሜትር ከ90 ነው። ፊቱ ደግሞ ጎል ካገባ በኋላም አይፈታም። በነዚህ ነገሮች ብቻ ባየር ሙኒክ፣ አትሌቲኮ ማድሪድ፣ ጁቬንቱስ ደረሰ። በየደረሰበት ግን ከሱ የገነነ ሌላ አጥቂ ነበር፤ ካልነበረም ይመጣ ነበር። የማወራው ስለዚህ ነው።

ልጅነቱን ባጭሩ ልለፈው። በ1986 ስላቮንስኪ ብሮድ የምትባል፣ ቦስኒያ ድንበር ላይ ያለች ከተማ ተወለደ። ዩጎዝላቪያ ስትፈርስ ጦርነት መጣና ቤተሰቡ ወደ ጀርመን ሄደ። ኳስ በክለብ የጀመረው እዚያ፣ ሽቱትጋርት አጠገብ ባለች ዲትሲንገን በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። አባቱም ኳስ ተጫዋች ነበር። በኋላ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ትውልድ ከተማው ውስጥ በማርሶኒያ አደገ፣ ከዚያ ኤንኬ ዛግሬብ፣ በ2007 ደግሞ ዲናሞ ዛግሬብ።

ዲናሞ የገዛው በማን ቦታ እንደሆነ ልብ በሉ። ኤድዋርዶ ዳ ሲልቫ በአንድ የውድድር ዘመን 34 የሊግ ጎል አግብቶ አርሰናል ሄዶ ነበር። ደጋፊው ሌላ ኤድዋርዶ ነው የሚጠብቀው። ማንዙኪች ኤድዋርዶን አይመስልም፤ ለመምሰልም አልሞከረም። በራሱ መንገድ ተጫወተና በ2008/09 የሊጉ ኮከብ ጎል አግቢ ሆነ።

በ2010 ቮልፍስቡርግ ገዛው። እዚያ ሲደርስ ፊት ላይ ኤዲን ዜኮና ግራፊቴ አሉ። አንድ ዓመት ቀደም ብለው ክለቡን የጀርመን ሻምፒዮን ያደረጉት እነዚሁ ሁለቱ ናቸው። እና አዲሱ አጥቂ ወዴት ይሂድ? ወደ ክንፍ። ዜኮ በጥር 2011 ወደ ማንቸስተር ሲቲ ሲሄድ መሃሉ ተከፈተ። ቡድኑ ያን ዓመት ላለመውረድ ሲውተረተር ነበር፣ ለጥቂት ነው የተረፈው። ማንዙኪች ያኔ ክንፍ ላይ ያሳለፈው ጊዜ የባከነ ይመስል ነበር። እኔ እንደሚመስለኝ ግን ዋናውን ትምህርት የወሰደው እዚያ ነው። ፍሬው ከስድስት ዓመት በኋላ ቱሪን ላይ፣ በጁቬንቱስ ታየ።

ከዚያ በፊት ሙኒክ አለ። ባየር የገዛው በ2012ቱ የአውሮፓ ዋንጫ 3 ጎል አግብቶ ከኮከብ ጎል አግቢዎቹ ጋር እኩል ከጨረሰ በኋላ ነው። ሲሄድ ግን ቋሚው ማሪዮ ጎሜዝ ነው፤ ባለፈው ዓመት ብቻ 26 የሊግ ጎል ያገባ ሰው። ጎሜዝ ተጎዳ። ማንዙኪች ገባ። ጎሜዝ ድኖ ሲመለስ ቦታው ተይዞ ጠበቀው። ለምን መሰላችሁ? ጎሜዝ ጎል ማግባት አልረሳም እኮ። ማንዙኪች ግን ጎል ባያገባም ቡድኑ ይጠቀማል። ኳስ ሲነጠቅ የመጀመሪያው ተከላካይ እሱ ነው። የተጋጣሚ ተከላካይ ኳስ ይዞ ቀና ሲል እሱን ፊቱ ላይ ያገኘዋል። አሰልጣኙ ዩፕ ሃይንከስ ይህን የሚያይ ሰው ነበር። በ2013 ዌምብሌይ ላይ በሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ዶርትሙንድን ሲገጥሙ ሮበን ከመስመሩ አጠገብ አሾልኮ የሰጠውን ኳስ ገፋ አድርጎ የመጀመሪያውን ጎል አገባ። ባየር 2 ለ 1 አሸነፈ፣ ያን ዓመት ሦስቱንም ዋንጫ ወሰደ።

(በነገራችን ላይ ይሄ ሩጫ ቤቲንግ ቤት አይቆጠርም። እዚያ የሚታወቀው ያገባ ብቻ ነው። እናንተም ኳስ የምታዩት ትኬት ይዛችሁ ከሆነ ከማንዙኪች ምንም አትማሩም።)

ቀጥሎ ጋርዲዮላ የባየር አሰልጣኝ ሆኖ መጣ። በ2013/14 ማንዙኪች በሊጉ 18 ጎል አገባ፤ ከክለቡ የሚበልጠው አልነበረም። ያም ሆኖ የዶርትሙንዱ አጥቂ ሌቫንዶቭስኪ እንደሚመጣ ታውቆ ነበር። የጀርመን ዋንጫ ፍጻሜ ሲደርስ ማንዙኪች ከቡድኑ ዝርዝር ውጭ ሆነ። አሰልጣኙ ክብር አልሰጠኝም ብሎ በአደባባይ ተናገረና ወደ አትሌቲኮ ማድሪድ ሄደ። እኔ አሰልጣኝ ስለሆንኩ በአደባባይ መናገሩን አልወደድኩለትም። መሄዱ ግን ትክክል ነበር። የጋርዲዮላ ቡድን አጥቂው ወደ አማካዮቹ ወርዶ በእግሩ እንዲቀባበል ነው የሚፈልገው። የማንዙኪች ሀብት ቴስታውና ጉልበቱ ነው። እዚያ ቢቆይ ቀን በቀን የሌለውን ነገር ሲጠየቅ ይውል ነበር።

አሁን ቱሪን እንግባ። ይሄኛውን ረጋ ብላችሁ አንብቡት።

ጁቬንቱስ በ2015 ገዛው። አንድ ዓመት በመሃል አጥቂነት ተጫወተ። በ2016 ክረምት ክለቡ ጎንዛሎ ሂጉዌንን ከናፖሊ በ90 ሚሊዮን ዩሮ አመጣ። ሂጉዌን ያኔ በአንድ የውድድር ዘመን 36 የሴሪ ኤ ጎል አግብቶ የመጣ ሰው ነው። ለዘጠና ሚሊዮን ቤንች አይሰጥም። ማንዙኪች ደግሞ 30 ዓመት ሞልቶታል። ብዙ ሰው ጓዙን ሊጠቀልል ነው አለ።

በጥር 2017 ከላዚዮ ጋር በነበረው ጨዋታ አሰልጣኙ ማሲሚሊያኖ አሌግሪ አሰላለፉን ወደ 4-2-3-1 ቀየረ። ሂጉዌን ፊት፣ ዲባላ ከኋላው፣ ኳድራዶ በቀኝ። በግራ ማን? ማንዙኪች። ሰው ሳቀ። 1 ሜትር ከ90 የሆነ፣ አብዶ የማይችል የመስመር ተጫዋች የት ታይቶ!

አሌግሪ ያየው ግን ይሄን ነበር። የተጋጣሚ የቀኝ ተመላላሽ (የመስመር ተከላካዩ) አብዛኛውን ጊዜ አጭርና ፈጣን ነው። የመሃል ተከላካዮቹ ናቸው ረጃጅሞቹ። ማንዙኪችን መሃል ካቆምከው በቴስታ የሚታገለው ከረጃጅሞቹ ጋር ነው። መስመር ላይ ካቆምከው ከአጭሩ ጋር ነው። ቦኑቺ ከኋላ ረጅም ኳስ ወደ ግራ ያሻግራል፤ ማንዙኪች በደረቱ ወይ በቴስታ ያወርዳል። ኳሱ በቀኝ ሲሆን ወደ ሁለተኛው ቋሚ ይገባና ከተመላላሹ በላይ ይዘላል። ኳስ ሲነጠቅ ደግሞ እስከ ራሱ የቅጣት ክልል ድረስ ወርዶ አሌክስ ሳንድሮን ያግዛል። ሳንድሮም ከኋላው ሰው እንዳለ ስለሚያውቅ ሳይፈራ ወደ ፊት ይወጣል። ቁመት፣ ቴስታ፣ ትንፋሽ። ሦስቱም መስመር ላይ ከመሃሉ የበለጠ ሰሩ።

በዚያው ዓመት ጁቬንቱስ በሻምፒዮንስ ሊግ ባርሴሎናንና ሞናኮን ጥሎ ለፍጻሜ ካርዲፍ ገባ፤ ከሪያል ማድሪድ ጋር። 27ኛው ደቂቃ ላይ የሆነውን በቀስታ ነው ማየት ያለባችሁ። ቦኑቺ ረጅም ኳስ ወደ ግራ ጣለ። ሳንድሮ መሬት ሳያስነካ ወደ ውስጥ መለሰው። ሂጉዌን በደረቱ ተቀብሎ፣ እሱም መሬት ሳያስነካ፣ ለማንዙኪች አቀበለው። ማንዙኪች ጀርባውን ለጎሉ ሰጥቶ ነበር። በደረቱ አበረደና በመቀስ ምት ከበረኛው ናቫስ በላይ ከተተው። ኳሱ ከቦኑቺ እግር ተነስቶ መረብ እስኪነካ መሬት አልነካም። ጨዋታው 4 ለ 1 በሽንፈት አለቀ፤ ጎሉ ግን እስከ ዛሬ ይታያል። ያቀበለው ማን እንደሆነ አያችሁ? ከመሃል ያስነሳው ሰው ነው። ቢኮራረፉ ኖሮ ያ ኳስ አይሰጥም ነበር። በሁለት የተለያዩ ክለቦች ማልያ በዚህ ዋንጫ ፍጻሜ ላይ ያገቡት ከሱ በፊት ሁለት ተጫዋቾች ብቻ ነበሩ።

በ2018 ደግሞ ክርስቲያኖ ሮናልዶ ጁቬንቱስ መጣ። አሁንስ አለቀለት ተባለ። በመስከረም ናፖሊን 3 ለ 1 ሲያሸንፉ ሁለቱን ያገባው ማንዙኪች ነው፤ ሁለቱም ከሮናልዶ እግር የተነሱ ኳሶች ናቸው።

ስለዚህ አሰልጣኝ ቦታ ሲቀይርባችሁ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ ያለኝ ነገር እዚያ ይሰራል ወይ? "ያንሰኛል?" ወይም "ሰው ምን ይለኛል?" ብላችሁ አትጀምሩ። ለጥያቄው መልስ እንድታገኙ መጀመሪያ ያላችሁን ማወቅ አለባችሁ። ብዙዎቻችሁ አታውቁትም። ጠይቄያችሁ አውቃለሁ። "ምን ትችላለህ?" ስላችሁ "ሁሉንም ኮች" ትሉኛላችሁ። ሁሉንም የሚችል አላየሁም። ማንዙኪች የሚችለው ሦስት ነገር ነበር፣ ሦስቱንም አሳምሮ ያውቃቸዋል።

ካልገባችሁ አሰልጣኙን ጠይቁ። በጨዋታው ቀን አይሁን፣ በጓደኞቻችሁ ፊትም አይሁን። በማግስቱ ልምምድ ሲያልቅ ጠጋ በሉና "ኮች፣ እዚያ ቦታ ላይ ከኔ ምንድነው የምትፈልገው?" በሉ። በደንብ ያሰበበት አሰልጣኝ በሁለት ዓረፍተ ነገር ይነግራችኋል። "ዝም ብለህ ተጫወት" ካላችሁ እሱም መልስ ነው። ያኔ ሌላ ክለብ ስለማሰብ ብናወራ አልቃወምም። ማንዙኪችም በ2019 አዲሱ የጁቬንቱስ አሰልጣኝ ማውሪዚዮ ሳሪ ሲመጣ አንድም የውድድር ጨዋታ ሳያጫውተው ሲቀር ወደ ኳታሩ አል ዱሃይል ሄዷል። መቆየት ሁልጊዜ ጀግንነት አይደለም።

ስለ ዓለም ዋንጫው ሳላነሳ ብቀር ትቀየሙኛላችሁ። ግማሽ ፍጻሜው ላይ ከእንግሊዝ ጋር፣ ክሮሺያ ለሦስተኛ ተከታታይ ጨዋታ ጭማሪ ሰዓት ገብታ፣ እሱም እግሩን ታሞ እያነከሰ ነበር። 109ኛው ደቂቃ ላይ ፔሪሲች በቴስታ ወደ ኋላ የመለሰውን ኳስ ተከላካዩ ስቶንስ ሳይነቃ ቀድሞ ደረሰበትና በግራ እግሩ ከተተው። ስድስት ደቂቃ ቆይቶ መቀጠል አቅቶት ተቀየረ። ከፈረንሳይ ጋር በነበረው ፍጻሜ ላይ ደግሞ በዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ታሪክ ለሁለቱም ቡድን ያገባ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ሰው በዚህ ይቀልዳል። እኔ ሁለቱም ጎሎች ከአንድ ልማድ የመጡ ይመስሉኛል። የመጀመሪያው የግሪዝማን ቅጣት ምት ጭንቅላቱን ነክቶ የገባው ለመከላከል ወርዶ ስለነበረ ነው። ፊት ላይ ቆሞ የሚጠብቅ አጥቂ ራሱ ላይ አያገባም። ሁለተኛው 4 ለ 1 እየተመሩ፣ 69ኛው ደቂቃ ላይ፣ በረኛው ሎሪስ ኳስ ይዞ ሲዘናጋ ሄዶ ስለተጫነው ነው። ከናንተ ውስጥ 4 ለ 1 እየተመራ በረኛ የሚያሯሩጥ ማን ነው?

ከአንድ ወር በኋላ ብሔራዊ ቡድኑን ተሰናበተ፤ በ89 ጨዋታ 33 ጎል። ያኔ በጎል ከሱ በላይ የነበረው ዳቮር ሹከር ብቻ ነው። በመስከረም 2021 ጫማውን ሰቀለ። በዚያው ዓመት ህዳር ላይ የክሮሺያ አሰልጣኝ የነበረው ዝላትኮ ዳሊች ረዳት አሰልጣኝ አድርጎ ወደ ብሔራዊ ቡድኑ መለሰው።

ረስቼው ነበር፤ ስለ ገንዘብ የጠየቃችሁኝ አላችሁ። ማንዙኪች በ2021 መጀመሪያ ኤሲ ሚላን ገብቶ ወዲያው ተጎዳ። መጋቢትን ሙሉ መጫወት ስላልቻለ የዚያን ወር ደሞዜን አልወስድም አለ። ክለቡም ገንዘቡን ለበጎ አድራጎት ድርጅቱ ሰጠው። ሰው ይህን ሰምቶ "እናንተም እንዲህ ሁኑ" ይላችኋል። እኔ አልልም። እሱ ሀብታም ነበር፣ ያምርበታል። እናንተ ከተጎዳችሁ ደሞዛችሁን ውሰዱ፤ ጉዳት የስራው አካል ነው፣ ውላችሁንም በደንብ አንብቡት። ብቻ ፊዚዮው ጋር በሰዓቱ ድረሱ፣ የሰጣችሁን እንቅስቃሴ ቤት ስትገቡ አትተዉት፣ "ድኛለሁ" ብላችሁም አትዋሹት።