ድንጋይ ያልተሸከመ ተሸናፊ

ለቅዳሜ ልጆች፣

ባለፈው ቅዳሜ የቀረሁት ጉንፋን ጥሎኝ ነው። የአባዶን የጠዋት ብርድ ታውቁታላችሁ። ከጣፎ በኩል የሚመጣው ንፋስ አራተኛ ፎቅ ላይ መስኮት ያንኳኳል። ስለዚህ በአፌ ልነግራችሁ የነበረውን በጽሑፍ ልሞክረው።

ጨዋታችሁን ወድጄዋለሁ። ዕጣ ታወጣላችሁ፣ የደረሳችሁን ሰው ሆናችሁ ንግግር ትጽፋላችሁ። ለአንዷ የደረሳት ግን ከበድ ይላል። እ.ኤ.አ. 2008፣ ዴንቨር ከተማ፣ የዴሞክራቶች ጉባኤ። ተናጋሪው የቀድሞው ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን ነው። የሚደግፈው ደግሞ ለፓርቲው እጩነት በተደረገው ውድድር ሚስቱን ሂላሪን ያሸነፈውን ባራክ ኦባማን። እውነተኛውን ንግግር ሳታይ ከራሷ አመንጭታ መጻፍ ነበረባት። ሦስት ገጽ ጽፋ ሰኞ ማታ ከሎሚ ጋር ይዛልኝ መጣች። «ጋሼ፣ እስቲ ይዩልኝ» አለችኝ። ሎሚው ጠቅሞኛል። ስለ ሦስቱ ገጽ ግን ትንሽ እናውራ። እሷን ለይቼ አይደለም፤ ሌሎቻችሁም ብትሆኑ እንዲሁ ነበር የምትጽፉት።

የመጀመሪያው ገጽ ላይ «ባለራዕይ» አራት ጊዜ አለ። «ብርቅዬ የሕዝብ ልጅ» አለ። «በአንድ ልብ ከጎኑ እንቆማለን» አለ። እነዚህን ቃላት አሳምሬ አውቃቸዋለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሕዝብ ግንኙነት ክፍል ንግግር ስጽፍ እንጀራዬ እነሱ ነበሩ። ለምርቃት፣ ለመሠረት ድንጋይ፣ ለአቀባበል፣ ለሽኝት። አለቃ ሲለወጥ ስም ቀይረን ያንኑ ንግግር የሰጠንበት ጊዜ አለ። አንድ ቀን ሦስተኛው ገጽ ላይ የድሮው አለቃ ስም ሳይሰረዝ ቀረ። አዲሱ አለቃም አነበበው፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ በሙሉ አዳራሽ ፊት። እኔ ከኋላ ቆሜ ላብ አጠመቀኝ። ማንም አልሳቀም። ማንም ዞር ብሎ አላየኝም። ለካ የሚሰማ ሰው አልነበረም! ያን ቀን ከመደንገጤ ይልቅ ማዘኔ ይበልጣል።

ዴንቨር የተሰበሰበው ሰው ግን ይሰማ ነበር። ምክንያቱም ሁሉም የሆነውን ያውቃል።

ምን ሆነ? ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶች በፈረንጅ ናቸው። ጥር ወር ላይ፣ ኒው ሃምፕሻየር ውስጥ፣ ቢል ክሊንተን ኦባማ ስለ ኢራቅ ጦርነት ያለውን አቋም አንስቶ «ተረት ተረት ነው» አለ። በዚያው ወር ኦባማ ሳውዝ ካሮላይናን ሲያሸንፍ፣ «ጄሲ ጃክሰንም በ1984 እና በ1988 እዚህ አሸንፎ ነበር» አለ። ጃክሰን እጩነቱን ሳያገኝ የቀረ ጥቁር ተወዳዳሪ ነበር፤ ብዙ ጥቁር መራጮች ይህን እንደ ማቃለል ወሰዱት። የሂላሪ ቡድን ደግሞ ስልክ የሚጮህበት ማስታወቂያ በቴሌቪዥን አስነገረ። ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ ዘጠኝ ነው። ዓለም ላይ አንድ ነገር ተፈጥሯል፣ ዋይት ሐውስ ውስጥ ስልኩን ማን እንዲያነሳ ትፈልጋላችሁ ይላል። ልጁ ገና ነው፣ ልምድ የለውም ማለታቸው ነው። ሰኔ ላይ ሂላሪ ውድድሩን አቆመች። ወደ 18 ሚሊዮን የሚጠጋ ድምፅ አግኝታ ነው የተሸነፈችው። ከዚያ ሁሉ ሰው ጥቂት የማይባለው አኩርፎ ነበር።

እንግዲህ ይህ ሰው ኦገስት 27 ማታ መድረኩ ላይ ወጥቶ «ባለራዕዩ ኦባማ» ብሎ ቢጀምር፣ ሰሚው በሆዱ «ተረት ያልከውስ?» ይላል። ያቺ ጥያቄ እስክትነሳ ድረስ ሌላው ነገር ጆሮ አይገባም። የጸብ ወሬ በክፍሉ ውስጥ እንደታሰረ በግ ነው። ዝም ብትሉት ይጮሃል።

አሁን እውነተኛውን ንግግር ማየት ትችላላችሁ። ክሊንተን በቀልድ ገባበት። ውድድራችን ብዙ ሙቀት ፈጥሮ የምድርን ሙቀት ጨምሮታል አለ። የኔ እጩ አላሸነፈችም፣ ባካሄደችው ውድድር ግን እኮራለሁ አለ። ትልቁ ብልሃት በኋላ መጣ። ከ16 ዓመት በፊት ሪፐብሊካኖች እኔንም ለጦር አዛዥነት ገና ልጅ ነህ፣ ልምድ የለህም ብለውኝ ነበር አለ። በ1992 አልሠራም፣ በ2008ም አይሠራም አለ። አያችሁ? የሌሊት ዘጠኝ ሰዓቱን ስልክ ራሱ አነሳው። የገዛ ቤቱ ሰዎች የወረወሩትን ክስ ወስዶ በራሱ ታሪክ ውስጥ አስገባው። ልብ በሉ፣ «ተሳስተን ነበር፣ ማሩን» አላለም። «ሂላሪ ብትሆን ይሻል ነበር» ማለትም አላስፈለገውም። እሱ እንደዚያ እንደሚያስብ ሁሉም ያውቃል።

እዚህ ላይ ነው እኛ የምንቸገረው። እኛ ዘንድ ተሸናፊ ንግግር አያደርግም፤ ድንጋይ ይሸከማል። ራስ መንገሻ ዮሐንስን አስቡ። አባታቸው አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ሲወድቁ አልጋ ወራሼ ያሏቸው እሳቸውን ነበር። በእኛ አቆጣጠር በ1886 አዲስ አበባ መጥተው፣ ድንጋይ ተሸክመው፣ ምኒልክ ፊት ቀረቡ። ራስ አሉላም አብረው ነበሩ። ንጉሠ ነገሥቱ ማሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ ዓድዋ ላይ ሁሉም በአንድ ወገን ተሰለፉ። ትልቅ ነገር ነው፤ አላቃልለውም። ግን ድንጋዩ የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በድያለሁ። የተጣሉበትን ጉዳይ አንስቶ አይነጋገርም። ጉዳዩ ታፍኖ ተቀመጠና ኋላ እንደገና ፈነዳ። መንገሻ አንኮበር ታስረው እዚያው ሞቱ።

ታዲያ እናንተ መሸነፍ መበደል ነው የሚለውን ነገር ከአጥንታችሁ አውጡት። ተሸንፌያለሁ፣ ሐሳቤን አልቀየርኩም፣ እሱን ግን እደግፋለሁ። በአማርኛ ይህን በአንድ ትንፋሽ ለማለት ሞክሩ እስቲ። አፍ ላይ ይከብዳል። ያች ልጅ ሦስት ገጽ ሙሉ በውዳሴ የሞላችው ድንጋዩን በቃላት ስትሸከም ነው።

አሁን የራሴን ጉድ ልንገራችሁ። ወላጆቻችሁ ያውቁታል።

የብሎኮቻችን እድር ሰብሳቢ ሆኜ ስድስት ዓመት አገልግያለሁ። ከአራት ኪሎ፣ ከልደታ፣ ከየትም የመጣን ሰዎች ነን፤ ኮንዶሚኒየም ደርሶን ነው የተዋወቅነው። እድሩን ስንመሠርት አንድ ብረት ድስት እንኳ አልነበረንም። ኋላ ገንዘብ ሲጠራቀም ክርክር መጣ። እኔ ባንክ ይቀመጥ አልኩ። አሁን የምታውቁት ሰብሳቢ፣ ባለ ሕንፃ መሣሪያ ሱቁ፣ ድንኳንና ወንበር እንግዛ አለ። ክርክሩ ላይ ብቆይ ጥሩ ነበር። አልቆየሁም። ቡና ላይ፣ ደረጃ ላይ፣ «ነጋዴ አይደል፣ ኮሚሽኑን አይቶ ነው» አልኩ። ማስረጃ አልነበረኝም። ወሬው በሳምንት ውስጥ ከብሎክ ብሎክ ዞረ።

ጠቅላላ ጉባኤው እሱን መረጠ። አንድ ቃል ተናገር ተባልኩ። ባለሙያ ነኝ አይደል፤ ሠላሳ አንድ ዓመት የጻፍኩትን በቃሌ አወረድኩት። «ብርቱ ወንድማችን»፣ «በአንድ ልብ»፣ «ከጎኑ ነኝ»። ተጨበጨበ። ቤት ስገባ ባለቤቴ «ማን አመነህ ብለህ ነው?» አለችኝ።

እውነቷን ነበር። ከዚያ በኋላ ወራት ሙሉ የኔ ደጋፊ የነበሩት ማታ ማታ እየመጡ ያሙልኛል። መዋጮ የሚያዘገዩ በዙ። እኔም ሻይ እያቀረብኩ እሰማለሁ። አልቃወምም፤ ደስ ይለኛል መሰለኝ። እድሩ ለሁለት ሊከፈል ጥቂት ቀረው።

ክረምት ላይ ከብሎካችን አንዲት እናት ሞቱ። ዝናቡ ሦስት ቀን አላባራም። ድንኳኑ ግን ተገዝቶ ነበር፤ ለቅሶ ደራሹ ከሥሩ ተቀምጦ ዋለ። እኔም ተቀመጥኩ። እኔ የምጠላው ድንኳን ሥር፣ በደረቅ እግር።

በሚቀጥለው ስብሰባ ሳልጠየቅ ተነሳሁ። ወረቀት አልያዝኩም። «ኮሚሽን አይቶ ነው ያልኩት እኔ ነኝ፣ ውሸት ነበር፣ ይቅርታ» አልኩ። «ዋጋው ውድ ነበር ያልኩትን ግን አሁንም እላለሁ። ሰብሳቢያችሁ እሱ ነው። ደረሰኙን አይቻለሁ፣ ልክ ነው። የዚህን ዓመት መዋጮዬን ከፍዬ ጨርሻለሁ። ማታ ማታ እኔ ቤት የምትመጡ ሰዎች፣ እናንተስ?» ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም። አልተጨበጨበም። አንዱ ከኋላ ሳቀ። ከሰኞ ጀምሮ ግን ገንዘብ ያዧ ጋ ሰው መሰለፍ ጀመረ።

ልዩነቱን ያኔ ነው ያወቅኩት። ለሐሜቱ ድንጋይ ይገባኝ ነበር፤ ተሸከምኩት። ለሐሳቤ ግን አይገባኝም። ሁለቱን ደባልቄ ስለ ሁሉም ሳሞግስ ሁለቱንም አበላሽቼ ነበር።

ሌላው ነገር፣ ንግግሩ ለማን ነው? ልጃችን «ክቡር ኦባማ ሆይ» እያለች ነው የጻፈችው። ኦባማማ አሸንፏል፤ ምን ይጎድለዋል? ንግግሩ ለራስ ወገን ነው። ላኮረፈው፣ ላለቀሰው፣ «እነሱን ከመምረጥ ቤቴ ብቀመጥ ይሻላል» ለሚለው። ሂላሪ ራሷ ከባሏ አንድ ቀን ቀድማ ስትናገር ደጋፊዎቿን ጠየቀቻቸው። እዚህ ውድድር ውስጥ የገባችሁት ለኔ ብቻ ብላችሁ ነበር ወይስ ለተቸገሩ ሰዎች? ያቺ ጥያቄ ከውዳሴ ሁሉ ትበልጣለች።

ወገንን አለማሳመን ምን እንደሚያመጣ ጎረቤታችን ኬንያ አይተናል። ኡሁሩ ኬንያታና ራይላ ኦዲንጋ በ2013 እና በ2017 ተፎካካሪዎች ነበሩ። በ2018 ተጨባበጡ። በ2022 ኡሁሩ ሥልጣን ሊለቅ ሲል የገዛ ምክትሉን ሩቶን ትቶ ራይላን ደገፈ። የኡሁሩ የትውልድ አካባቢ ሕዝብ ግን በብዛት የመረጠው ሩቶን ነው።

የ1980ውን የዴሞክራቶች የኒውዮርክ ጉባኤም ተመልከቱ። ሴናተር ቴድ ኬኔዲ ለእጩነት ተወዳድሮ በፕሬዚዳንት ካርተር ተሸንፎ ያደረገው ንግግር እስከ ዛሬ ይወራለታል። የካርተር ስም በእንኳን ደስ ያለህ ዓይነት የሚነሳው ግን ወደ መጨረሻው ነው፣ እንደ ነገሩ። በመዝጊያው ቀን መድረክ ላይ የተጨባበጡት መጨባበጥ ደግሞ ከሩቅ የሚበርድ ነበር። ካርተር በኅዳሩ ምርጫ ያሸነፈው ስድስት ክፍለ ግዛትና ዋና ከተማዋን ዋሽንግተንን ብቻ ነው። በኬኔዲ ምክንያት ነው አልልም፤ ኑሮ ውድነቱም ኢራን ውስጥ የታገቱት አሜሪካውያን ጉዳይም ነበር። ብቻ ንግግሩ ያማረው ለተናጋሪው ነው።

ሦስተኛ ገጽሽ ላይ፣ የኔ ልጅ፣ «ለዘላለም» የሚል ቃል አለ። ሰርዢው። ይልቅ ሰሚው ሊያጣራው የሚችል ነገር አስገቢ። ክሊንተን በ2012 ሻርሎት ላይ እንደገና ለኦባማ ሲናገር 48 ደቂቃ ፈጀ። ሰው ያልሰለቸው የበጀቱን ሒሳብ አንድ በአንድ ስለደመረለት ነው። የድሮውን ጸብም አልዘለለውም። ኦባማ ለሚኒስትርነት የሾማቸው ሂላሪን የደገፉትን ብቻ አይደለም፣ ራሷንም ሾሟታል ብሎ አሳቃቸው። እውነትም ሂላሪ አራት ዓመት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆና አገልግላለች። በ2016 ደግሞ ፊላደልፊያ ላይ ተራው ተገላበጠ። ተሰናባቹ ኦባማ ለሂላሪ ቆመ። እኔም ሆንኩ ቢል፣ ማንም እንደሷ ለዚህ ሥራ የተዘጋጀ የለም አለ። እሷም ተሸነፈች፤ ያ ሌላ ጨዋታ ነው።

ለሚቀጥለው ቅዳሜ ሁለተኛውን ረቂቅ ይዘሽ ነይ። ከአንድ ገጽ ተኩል አይብለጥ። «ተረት ተረት» የሚለው የመጀመሪያዎቹ አሥር መስመሮች ውስጥ ይኑር። ሌሎቻችሁም የየራሳችሁን ዕጣ በዚሁ ዓይን ደግማችሁ እዩት።

ጉንፋኑ ከለቀቀኝ እመጣለሁ። የኮሚናሉ ቁልፍ ሰብሳቢው ጋ ነው፣ ሱቁ እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት ክፍት ነው። ጋሼ ልከውን ነው በሉት። ወንበሮቹን ስትመልሱ ደግሞ ቁጠሩ። ባለፈው ሁለት ጎድሎ ደውሎልኝ ነበር፣ በዚህ ላይ ቀልድ አያውቅም።