«ቴሪፊክ» አስፈሪ ነው ወይስ ግሩም?

ጥያቄ፦ ከእንግሊዝኛ ስተረጉም «ቴሪፊክ ስቶርም» የሚል ገጠመኝ። መዝገበ ቃላቱ «ቴሪፊክ»ን «ግሩም» ይለዋል። «ግሩም ወጀብ» ብዬ ልጻፍ? ቃሉ «ቴረር» (ሽብር) ከሚለው ጋር የሚዛመድ ከሆነስ እንዴት የምስጋና ቃል ሊሆን ቻለ?

መልስ፦ ዝምድናው እውነት ነው። ሁለቱም የሚወጡት «ቴሬሬ» ከሚለው የላቲን ግሥ ነው፤ ማስፈራት ማለት ነው። መጨረሻው ላይ ያለው «ፊክ» ደግሞ «ማድረግ» ከሚለው ሌላ የላቲን ግሥ የመጣ ስለሆነ፣ ሲገጣጠም «ፍርሃት የሚያሳድር» ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1660ዎቹ እንግሊዝኛ ውስጥ ብቅ ሲል ትርጉሙ ይኸው ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን መባቻ ግን «ከመጠን ያለፈ፣ ኃይለኛ» ለማለትም ይነገር ጀመር፤ የሚያስፈራ ነገር አብዛኛውን ጊዜ ግዙፍም ስለሆነ፣ ፍርሃቱ እየተረሳ ግዝፈቱ ቀረ። «እጅግ ጥሩ» የሚለው የመጣው በዚያው መቶ ዘመን ማብቂያ ገደማ ነው፤ ዛሬ የሠለጠነውም እሱ ነው።

ስለዚህ ከቃሉ አጠገብ የተቀመጠውን ስም ይመልከቱ። ወጀብ፣ ፍንዳታ፣ ፍጥነት፣ ጩኸት ከሆነ «ኃይለኛ» ወይም «ከባድ» ይበሉ። ሥራ፣ ሐሳብ፣ ምግብ ከሆነ «ግሩም» ልክ ነው። ጽሑፉ የ17ኛው ወይም የ18ኛው መቶ ዘመን ከሆነ ግን ያለማመንታት «አስፈሪ» ነው።

አሁን ወደ «ግሩም» እንምጣ፤ ነገሩ የሚጥመው እዚህ ላይ ነውና። በግዕዝ «ግሩም» ማለት የሚያስፈራ፣ የሚያስደነግጥ ማለት ነው። «እስመ ልዑል ወግሩም እግዚአብሔር» የሚለውን የመዝሙር ቃል ዛሬ ስንሰማ «ድንቅ» የተባለ ይመስለናል። በግሪኩ መዝሙር በዚህ ቦታ ያለው ቃል የወጣው ግን «ፎቦስ»፣ ማለትም ፍርሃት፣ ከሚለው ነው፤ እ.ኤ.አ. የ1611ዱ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስም «ቴሪብል» (የሚፈራ) ይላል። ይበልጥ የሚታወቀው የመዝሙር 91 ቃል ነው (በግዕዙ ቁጥር 90)፦ «ከሌሊት ግርማ» አትፈራም። ሌሊት ምን ግርማ ሞገስ አለውና ነው የሚፈራው? «ግርማ» እዚህ ላይ ሽብር ነው፤ በዚሁ ስፍራ የእንግሊዝኛው ቃል ራሱ «ቴረር» ነው። ንጉሥን «ግርማዊ» ያሰኘውም በፊቱ ሲቆሙ የሚያርደው ፍርሃት ነው።

ከዚያ በኋላ አማርኛ ፍርሃቱን ወደ መደነቅ አለዘበው፤ «ገረመኝ»፣ «ግርምት»፣ «አስገራሚ» አልን። «ግሩም»ማ ጭራሽ ለወጥም ሆነ። በእኔ ግምት ሁለቱ ቋንቋዎች የሄዱበት መንገድ ግን ጥቂት ይለያል፦ እንግሊዝኛው በግዝፈት አልፎ ነው ወደ ምስጋና የደረሰው፣ የእኛው በመደነቅ። ደግሞም ነገሩ አላበቃም፤ የሰፈር ልጆች «አደገኛ ተጫዋች» ሲሉ እያደነቁ ነው።

ከ«ቴሪፊክ» ዘመዶች ጋር ሲገናኙ ይጠንቀቁ። «ቴሪብል» ከዚያው ሥር ቢበቅልም ወደ ክፋት ነው ያዘነበለው፤ ዛሬ «መጥፎ፣ አስከፊ» ነው። በድሮ ጽሑፍ ግን «የሚፈራ» ማለት ስለሆነ፣ በዚህ ቅጽል የሚታወቀውን የሩሲያ ንጉሥ ኢቫንን «አስከፊው» ብሎ መተርጎም ስሕተት ነው፤ «አስፈሪው» ነው ትክክሉ፤ የሩሲያኛው «ግሮዝኒ»ም ይህንኑ ይላል። «ሆሪፊክ» ፈጽሞ አልለዘበም፤ የላቲን ሥሩ የጠጉር መቆምን የሚናገር ነው፤ «ዘግናኝ» ይበሉት። «ኦፉል» እና «ኦሰም» ደግሞ አክብሮት ካለበት ፍርሃት፣ «ኦ» ከሚለው አንድ ቃል ወጥተው አንዱ ወደ መጥፎ፣ ሌላው ወደ ግሩም ሄዱ።

ብዙ ተርጓሚ የሚስተው ግን «ቴሪብሊ»ን ነው። ከቅጽል በፊት ሲገባ የፍርሃትም የክፋትም ሽታ የለውም፤ ማጠንከሪያ ብቻ ነው። «ቴሪብሊ ሶሪ» የሚለውን «በአስፈሪ ሁኔታ አዝናለሁ» ብለው ያስቀመጡ የፊልም ግርጌ ጽሑፎች አሉ፤ «በጣም ይቅርታ» ይበቃል።