ፎቶው የማን ነው? የፎቶ አንሺዎች የሕግ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ሰርግና ልደት እያነሣሁ ነው የምተዳደረው። ባለፈው ጥር ያነሣኋቸው ሙሽሮች ፎቶዎቹን ለዲኮር ሠሪው ሰጡት፤ እሱም በትልቅ ባነር አሳትሞ ሱቁ በር ላይ ሰቀለው። ስሜም የለበት፣ የከፈለኝም የለ። ሙሽሮቹን ስጠይቅ «ከፍለን ያስነሣነው ነው» አሉኝ። እውነት መብቱ የእነሱ ነው?

መልስ፦ የጽሑፍ ውል ከሌለዎት፣ የገንዘቡ መብት የእነሱ ነው። ይህን ስንናገር ብዙ ባለሙያ ይቆጣል፤ ካሜራው የእኔ፣ ድካሙ የእኔ ይላል። ቁጣው ይገባናል። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ግን በቅጥር ወይም በትእዛዝ የተሠራ ሥራ፣ በውል ሌላ ስምምነት ካልተደረገ በቀር፣ ባለቤቱ አሠሪው ወይም ያዘዘው ሰው ነው ይላል። መውጫውም እዚያው ውስጥ አለ፤ ሌላ ስምምነት ያድርጉ።

ቀብድ ከመቀበልዎ በፊት የሚፈረም አንድ ገጽ ይበቃል። ከዋጋው፣ ከቀኑና ከአልበሙ ዝርዝር ሥር እንዲህ ይጻፉ፦ «የፎቶግራፎቹ የቅጅ መብት የፎቶ አንሺው ነው። ደንበኞች ለግልና ለቤተሰብ ማባዛትና በግል ገጻቸው መለጠፍ ይችላሉ። ለንግድ ማስታወቂያ መጠቀም ወይም ለሌላ ድርጅት መስጠት የፎቶ አንሺውን የጽሑፍ ፈቃድ ይጠይቃል።» ከዚያ ሁልጊዜ የሚረሳው መስመር ይከተላል፦ «ፎቶ አንሺው ሥራውን በስቱዲዮውና በገጹ ለማሳያ እንዲያወጣ ደንበኞች ፈቅደዋል።» የቅጅ መብቱ የእርስዎ ቢሆን እንኳ መልኩ የሙሽሮቹ ነውና ያለ ፈቃዳቸው መስታወትዎ ላይ መስቀል አይችሉም።

ወረቀቱ በሁለት ቅጂ ይዘጋጅ፤ ሁለቱም ሙሽሮች ይፈርሙ፤ ሁለት ምስክሮችም ይፈርሙ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1727 በጽሑፍ ለሚደረግ ውል ሁለት ምስክር ይጠይቃል፤ ምስክር የሌለበት ወረቀት ክርክር ሲነሣ መጀመሪያ የሚመታው በዚህ ነው። አንድ ሚዜና የሙሽሪት እህት ቢፈርሙ ይበቃል።

አሁን ስለተሰቀለው ባነር ገንዘብ መጠየቁ ያስቸግራል። ስምዎን ግን መጠየቅ ይችላሉ። የሥራው አመንጪ መሆንን ማሳወቅ የሞራል መብት ነው፤ ኢኮኖሚያዊው፣ ማለትም የገንዘቡ፣ መብት የሌላ ሰው ቢሆንም እንኳ ይህ ከእርስዎ ጋር ይቀራል። ለዲኮር ሠሪው በጽሑፍ ይጠይቁት፤ ስምና ስልክ ያለበት ስቲከር ባነሩ ላይ መለጠፍ ብዙ አያስወጣውም።

ጥያቄ፦ የለቡን ሠፈር አመሻሽ ላይ ከፎቅ አንስቼ ፌስቡክ ላይ ለጠፍኩ። ማንም አላዘዘኝም። አንድ ቤት ሻጭ ድርጅት ጥጉ ላይ የነበረውን ስሜን ቆርጦ ብሮሹሩ ላይ አተመው። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ይህ ከላይኛው ጉዳይ የተለየ ነው፤ ያዘዘዎት ስለሌለ ባለቤቱ እርስዎ ነዎት። መብቱን ለማግኘት መመዝገብም አያስፈልግም፤ የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን የሚሰጠው ምዝገባ ለማስረጃ ይጠቅማል እንጂ መብቱን አይፈጥረውም። ፎቶግራፍ ላይ ግን አዋጁ አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው፦ ወይ የስብስብ አካል መሆን፣ ወይ በመጽሐፍ መታተም፣ አለዚያም የአንሺውን ወይም የወኪሉን ስምና አድራሻ መያዝ አለበት። ስምና አድራሻ ነው የሚለው። ብዙዎች ጥግ ላይ የስቱዲዮ ስም ብቻ ጽፈው ይለቃሉ። ሙሉ ስም፣ ሠፈር፣ ከተማና ስልክ ያድርጉበት። ጽሑፉም ጠርዝ ላይ አይሁን፤ ሕንፃው ወይም ሰዎቹ ያሉበት ቦታ ላይ ደብዘዝ ብሎ ይረፍ፤ የሚቆርጠው ሰው ፎቶውንም አብሮ እንዲያበላሽ።

በካሜራዎ ሜኑ ውስጥ «ኮፒራይት ኢንፎርሜሽን» የሚል ካለ ስምዎን አንዴ ያስገቡ፤ ከዚያ በኋላ በሚያነሡት ፋይል ሁሉ ውስጥ ይጻፋል። አድራሻውን ላይትሩም በሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ላይ ኢምፖርት ሲያደርጉ በሜታዳታ (በፋይሉ ውስጥ በሚቀመጥ መረጃ) ፕሪሴት ይጨምሩ። ቴሌግራም ላይ እንደ ፎቶ ሲላክ ይህ መረጃ ይጠፋል፤ እንደ ፋይል ሲላክ ይቆያል። ስለዚህ ዋናውን ሮው ፋይል፣ ካሜራው የጻፈውን ያልተነካ ፋይል፣ በሁለት ዲስክ ያስቀምጡ። ያልተቆረጠው ፎቶና አጠገቡ ያሉት፣ ከአንድ ቦታ በተከታታይ የተነሡት ፍሬሞች፣ ቆራጩ ሊያቀርባቸው የማይችላቸው ማስረጃዎች ናቸው።

ድርጅቱ ጋ ከመደወልዎ በፊት ማስረጃውን ይሰብስቡ፤ ከተደወለ በኋላ ብሮሹሩም ፖስቱም ሊጠፉ ይችላሉ። ብሮሹሩን ሁለት ሦስት ኮፒ ይያዙ፤ የት፣ በስንት ቀን እንዳገኙት ጀርባው ላይ ይጻፉ፤ አብሮዎት የነበረ ሰው ይፈርምበት። ገጻቸው ላይም ካለ ሊንኩና ቀኑ እንዲታይ አድርገው ስክሪን ሾት ያንሡ። ከዚያ ደብዳቤ ይጻፉ፦ የትኛው ፎቶ፣ የት እንደታተመ፣ ምን ያህል ክፍያ እንደሚጠይቁ፣ በ15 ቀን ውስጥ መልስ እንደሚጠብቁ። ቅጂው ላይ ተቀባዩን ያስፈርሙ። መልስ ካልመጣ ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል። አዋጁ ለሞራል ጉዳት ካሳ ያስቀመጠው ዝቅተኛ መጠን 100,000 ብር ነው፤ ይህን በደብዳቤው መጥቀስ አይከፋም። ስምዎ መቆረጡም ድርጊቱ በስህተት አለመሆኑን ለማስረዳት ይረዳዎታል።

ጥያቄ፦ ሱሉልታ ገበያ ላይ ቅቤ የምትሸጥ እናት አነሣሁ። አንድ ነጋዴ ለማሸጊያው ሊገዛኝ ይፈልጋል። ልሽጥለት?

መልስ፦ ሳያስፈቅዷቸው አይሽጡ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛ፣ እንዳይሸጥ ይከለክላል። አንቀጽ 28 በአደባባይ የተፈጸመን ነገርና የሕዝብ በዓልን ነፃ ያደርጋል፤ የጥምቀትን ሕዝብ ለዜና ማውጣት በዚህ ይሸፈናል። የአንዲትን እናት ፊት የቅቤ ማሸጊያ ላይ ማተም ግን ሌላ ነገር ነው። ካሳውም ከፎቶው እስከተገኘው ትርፍ ሊደርስ ይችላል። ተመልሰው ይሂዱ፤ ፎቶውን ያሳዩዋቸው፤ ለምን እንደሚውል በሚገባቸው ቋንቋ ይንገሯቸው፤ ከሽያጩም ድርሻቸውን ይስጧቸው። ማንበብ የማይችሉ ከሆነ የፈቃዱ ጽሑፍ በምስክሮች ፊት ይነበብላቸው።

ጥያቄ፦ አባቴ አቃቂ ላይ ስቱዲዮ ነበረው። በ1970ዎቹ ያነሣቸው ኔጋቲቮች አሉ። ልከለክልባቸው እችላለሁ?

መልስ፦ የፎቶግራፍ ኢኮኖሚያዊ መብት የሚቆየው ከተነሣበት ጊዜ ጀምሮ 25 ዓመት ነው፤ አልፏል። ኔጋቲቩ ራሱ ግን ንብረትዎ ነው፤ ስካን ለማድረግ ለሚመጣ ሰው ማስከፈል ይችላሉ። ከመስጠትዎ በፊት የተነሡትን ሰዎች ቤተሰቦች ይጠይቁ።