ኮምፕሬሽኑ 120፣ 118፣ 95፦ ይህን የጀልባ ሞተር ልግዛው?

ጥያቄ፦ ያገለገለ የጀልባ ሞተር ልገዛ ነው። ባለ ሁለት ስትሮክ፣ ባለ ሦስት ሲሊንደር፣ 40 የፈረስ ጉልበት ነው። ኮምፕሬሽኑ (ሲሊንደሩ አየሩን የሚጨምቅበት ግፊት) ሲለካ ከላይ ወደ ታች 120፣ 118 እና 95 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ) ወጣ። ሻጩ «ሞተሩ ስላልሞቀ ነው» ይላል። ልመነው?

መልስ፦ አይመኑት። ቅዝቃዜ ልኬቱን ካወረደ የሦስቱንም ነው የሚያወርደው፤ አንዱን ለይቶ አይመታም። የደከመ ባትሪም ሆነ የቦታ ከፍታ እንደዚሁ ነው። 2,000 ሜትር ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ልኬቱ ከባሕር ወለሉ በአንድ አምስተኛ ያህል ይወርዳል፣ ግን በሁሉም ሲሊንደር እኩል። ስለዚህ ከቁጥሩ ይልቅ ልዩነቱን ይዩ። ከፍተኛው 120 ከሆነ ሌሎቹ ከ108 ባይወርዱ፣ ማለትም ልዩነቱ ከ10 በመቶ ባያልፍ ጥሩ ነው። የእርስዎ 21 በመቶ ገደማ ነው። 95 ያለው ሲሊንደር ሞተሩን ከመነሳት አያግደውም፤ ሻጩ አስነስቶ ቢያሳይዎ የሚያረጋግጠው ነገር የለም።

ሆኖም ከመተውዎ በፊት ራስዎ ደግመው ይለኩ። ሞተሩን ውሃ እየሰጡ 10 ደቂቃ ያህል ያሙቁት፤ ያለ ውሃ ከተነሳ የውሃ ፓምፑ ጎማ ወዲያው ይቃጠላል። አጥፍተው ሦስቱንም ካንዴላ ይፍቱ። አንዱን ብቻ ፈትቶ መለካት የተለመደ ስህተት ነው፤ ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው) የሌሎቹን ግፊት እየታገለ በዝግታ ስለሚያዞር ልኬቱ ያንሳል። የአደጋ ማጥፊያውን ገመድ ይንቀሉ፣ የካንዴላ ገመዶቹንም ከሞተሩ ብረት ጋር ያገናኙ። አለዚያ ብልጭታው ከቀዳዳው የሚወጣውን የቤንዚን ትነት ሊያቀጣጥል፣ የማቀጣጠያውን ኤሌክትሮኒክስም ሊያበላሽ ይችላል። ማርሹ ፎሌ ላይ ሆኖ ካርቡራቶሩ (አየርና ቤንዚን የሚያደባልቀው) እስከ መጨረሻው ይከፈት፤ ከተዘጋ ሲሊንደሩ የሚጨምቀው አየር አያገኝም።

ጌጁ ተጠምዝዞ የሚገባ ይሁን፤ በእጅ ተጭኖ የሚያዘው ባለ ጎማ ጫፍ ያሾልካል። መርፌው መውጣት እስኪያቆም፣ ብዙውን ጊዜ ሲሊንደሩ አምስት ስድስት ጊዜ እስኪጨምቅ፣ ያዙሩ፤ ለሦስቱም እኩል። የመጀመሪያውን ግፊት በደንብ ይዩት፦ ጤነኛ ሲሊንደር በአንዴ ወደ ላይ ይዘላል፣ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) የደከመ ግን እየተንፏቀቀ ይወጣል።

አሁንም 95 ካለ የዚያን ሲሊንደር ካንዴላ በብርሃን ይመርምሩ። ጫፉ ላይ የአሉሚኒየም ፍንጣሪ ካለ ፒስተኑ መቅለጥ ጀምሯል፤ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። ከሌሎቹ ተለይቶ ታጥቦ የጠራ ከመሰለ በቴስታታው (በሲሊንደሮቹ ክዳን) ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) በኩል ውሃ እየገባ ሊሆን ይችላል። በሁለት ሲሊንደሮች መካከል የተቃጠለ ጓርኒሲዮን ግን ጎረቤታሞቹን አብሮ ነው የሚያወርደው፤ መካከለኛው 118 ስላለ ይህን አልጠረጥርም። እኔ የምጠረጥረው የታችኛውን ካርቡራቶር ነው። ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱ ካርቡራቶር ባለው ሞተር ላይ የአንዱ ዤት (ቤንዚን የሚያልፍበት ቀጭን ቀዳዳ) ሲደፈን ያ ሲሊንደር ቤንዚን ብቻ ሳይሆን ከቤንዚኑ ጋር የሚመጣውን ዘይትም ያጣል፤ ፒስተኑ ይፋቃል፣ ፋሻው ይጣበቃል። ካርቡራቶሩ ሳይጸዳ ፒስተን ቢቀየር አዲሱም አይቆይም።

ሲሊንደሩ ውስጥ 5 ሚሊ ሊትር ያህል ዘይት ጨምሮ ደግሞ መለካትም አለ፤ ልኬቱ ጉልህ ከፍ ካለ ጥፋቱ የፋሻ ነው ይባላል። በጀልባ ሞተር ላይ ብዙ አይተማመኑበት፤ ሲሊንደሮቹ የተጋደሙ ስለሆኑ ዘይቱ ታች ይተኛል እንጂ ፋሻውን ዙሪያውን አይሸፍንም። ሻጭ ቀድሞ ወፍራም ዘይት ጨምሮ ቁጥሩን ሊያስውብ እንደሚችልም አይርሱ፤ አሙቁ ያልኩት ለዚህም ነው።

በነገራችን ላይ አንዳንድ ትናንሽ ባለ አራት ስትሮኮች ለማስነሳት እንዲቀልል ኮምፕሬሽን የሚለቅ ስልት ስላላቸው ዝቅተኛ ቁጥር ያሳያሉ፤ እነሱን በዚህ መለኪያ አይፍረዱባቸው።

ልኬቱ ካልተሻሻለ ዋጋውን ሲሊንደር ማስቦረሽ (ውስጡን አስፍቶ ማስተካከል)፣ ፒስተን፣ ፋሻና ጓርኒሲዮን እንደሚያስፈልገው ሞተር አድርገው ይደራደሩ። ከመክፈልዎ በፊት የታችኛውን የማርሽ ዘይት መፍቻ ብሎን ትንሽ ላላ ያድርጉት፤ የሚወጣው ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቷል፣ ያንን ደግሞ የትኛውም የኮምፕሬሽን ጌጅ አያሳይዎትም።