መሃሏ አረንጓዴ ያወጣችው ሰማያዊ ሰከለንት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ ነው ያየሁት። ፎቶውንም ደጋግሜ አየሁት። ከትልቅ መደብር የገዛሻት ሰማያዊ ሰከለንት (ወፍራም ቅጠሏ ውስጥ ውሃ የምታጠራቅም ተክል) ከመሃሏ አረንጓዴ ስላወጣች በሽታ ይሆን ብለሽ ሰግተሻል። ቀለሙን ልጠበው ወይስ ልተወው፣ ውሃስ በየስንት ቀኑ ላጠጣት ብለሽም ጠይቀሻል። በእኔ እጅ እንዲህ ዓይነት ሦስት ተክሎች አልፈዋል። ሁለቱ ሞቱ፤ አንዷ አራተኛ ዓመቷን ይዛለች። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

መጀመሪያ ልብሽ ይረፍ። በሽታ አይደለም። አረንጓዴው የራሷ መልክ ነው፤ ሰማያዊው ግን ከላይ የተረጨባት ቀለም ነው። ፎቶሽ ላይ ያለችው ሃዎርቲያ ትመስለኛለች። ሹል ቅጠሎቿና ከቀለሙ ስር ጉብ ጉብ ያሉት ነጠብጣቦች ያስታውቃሉ። አገሯ ደቡብ አፍሪካ ነው፤ ለእኛ እሬት የቅርብ ዘመድ ናት። እንዲህ ደማቅ ሰማያዊ ሆና የምትበቅል ሃዎርቲያ ግን የለችም። አዲስ ቅጠል ቀለም ሳይነካው ከመሃል ይወጣል፣ ስለዚህ አረንጓዴ ነው። አረንጓዴ ማውጣቷ እንዲያውም በሕይወት እንዳለችና እያደገች እንደሆነ የሚነግርሽ ምልክት ነው።

የመጀመሪያዋን የገዛኋት የገና ሰሞን ነበር፣ እዚሁ ሜሪላንድ። ሮዝ ነበረች፣ ብልጭልጭ የተነሰነሰባት። የተለጠፈባት ወረቀት ስለ ቀለም አንዲት ቃል አይልም፤ እኔም ዝርያዋ እንደዚያ ነው ብዬ አመንኩ። ወር ሳይሞላት ልክ እንዳንቺዋ መሃሏ አረንጓዴ ሆነ። ደነገጥኩ። በስልኬ ካሜራ አጉልቼ ሳያት ነው ነገሩ የገባኝ። ቀለሙ ጥፍር ላይ እንደተቀባ ኩቴክስ ወፍሮ ቅጠሉን ሸፍኖታል። ቅጠሏ ውሃ ጠጥታ በወፈረችበት ቦታ ቀለሙ ተሰነጣጥቋል። በቅጠሎቹ ስር፣ የሚረጨው ያልደረሰበት ቦታ ላይ፣ ገርጣ ያለ አረንጓዴ ቆዳዋ ይታያል። ያን ሳይ እንደ ሰው ነው ያዘንኩላት።

ከማዘኔ የተነሳ ስህተት ሠራሁ። ጥጥ በአሴቶን፣ በጥፍር ቀለም ማስለቀቂያው፣ ነክሬ ቀለሙን ጠረግሁላት። ቀለሙ ለቀቀ፤ ቆዳዋም አብሮ ለቀቀ። ሰከለንቶች ቅጠላቸው ላይ ከፀሐይና ከድርቀት የሚጠብቃቸው ስስ ሰም አላቸው፣ እሱን ነው ያጠፋሁባት። በሁለት ሳምንት ውስጥ ቅጠሎቿ ቡናማ ሆነው ሟሸሹ። ስለዚህ አደራ፣ አሴቶን፣ የቀለም ማቅጠኛ (ቲነር)፣ ቢላ፣ ጥፍር፣ አንዱም እንዳይነካት። ቀለሙ በራሱ እንደ ቅርፊት እየተነሳ ከሆነ የተነሳውን ብቻ በቀስታ አንሺው። የሚይዝ ከሆነ ተይው። አንዳንዱ ቀለም በውሃ የተበጠበጠ ስለሆነ በለብታ ውሃና በለስላሳ የልጅ ጥርስ ብሩሽ ይለቃል። አንድ ቅጠል ላይ ሞክሪና እዪው። በቀላሉ ካልለቀቀ ግን በቃ፣ አትታገዪው።

ለምን እንደሚጎዳት ልንገርሽ። ቀለሙ መልክ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይሄን ያህል አልጽፍልሽም ነበር። ተክል ምግቡን የሚሠራው በቅጠሉ ነው፤ ትምህርት ቤት ብርሃን አስተፃምሮ ብለን የተማርነው። ቀለሙ ብርሃኑን ይጋርድባታል። ሌላም አለ። አብዛኞቹ ተክሎች የቅጠላቸውን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ቀን ይከፍታሉ። ብዙዎቹ ሰከለንቶች ግን የደረቅ አገር ልጆች ናቸው፤ ቀን ቢከፍቱ ውሃቸው ተኖ ያልቃል። ስለዚህ ማታ ይከፍቱና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስገባሉ። በአሲድ መልክ ቋጥረውት ያድራሉ። ሲነጋ ይዘጉና በፀሐይ ብርሃን ምግብ ይሠሩበታል። እስቲ አስቢው፤ ቀዳዳዋ በቀለም የተደፈነባት ተክል ሌሊት እንደልብ አትተነፍስም፣ ቀን ደግሞ ብርሃን አይደርሳትም። ወዲያው የማትሞተው ቅጠሏ ውስጥ ባጠራቀመችው ስንቅ ስለምትኖር ነው። እኛ ግን ደህና እየመሰለችን እንቆያለን።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት የሚያስፈልጋት ብርሃን ነው። ምሥራቅ የሚያይ መስኮት ካለሽ እዚያ አድርጊያት። የጠዋት ፀሐይ ይበቃታል። ደቡብ የሚያይ ከሆነ ትንሽ ፈቀቅ አድርጊያት ወይም ስስ መጋረጃ ይኑር፤ አዲሶቹ አረንጓዴ ቅጠሎች ጨቅላ ናቸው፣ የቀትር ፀሐይ በአንድ ጊዜ ቢያርፍባቸው ይቃጠላሉ። ለሳሎን ጌጥ ብለሽ ጨለማ ጥግ ያለ ጠረጴዛ ላይ እንዳታስቀምጫት። መሃሏ አሁን ለመላው ሰውነቷ ምግብ የሚሠራላት ብቸኛ ኩሽና ነው።

ውሃው ላይ ሁለተኛዋን ነው የገደልኩት። ኤቼቬሪያ የምትባል ሌላ ዓይነት ሰከለንት ነበረች፣ ወርቃማ የተቀባች። በየሳምንቱ አጠጣት ነበር። ያልተቀባች ሰከለንት ውሃ ሲበዛባት ቅጠሏ ቢጫ ይሆናል፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ይመስላል፣ ያስታውቃል። የእኔዋ ግን ከላይ ወርቅ ናት። አንድ ቀን ለማንቀሳቀስ ስነካት አናቷ በሙሉ እጄ ላይ ቀረ። ስሯ በስብሶ አልቋል። ከዚያ ወዲህ የተቀባች ተክል በዓይን ሳይሆን በእጅ እንደምትጠየቅ አወቅሁ። የታችኛውን ቅጠል በሁለት ጣትሽ ቀስ አድርገሽ ጫን በይው። ጠጣር ከሆነ ውሃ አትፈልግም። ተሸብሽቦና ላላ ብሎ አፈሩም ደረቅ ከሆነ ጠምታለች። ለስላሳና እርጥብ ከሆነ ደግሞ መበስበስ ጀምራለችና ውሃውን አቁሚ። ቀጭን የእንጨት ስንጥር እስከ ታች ሰክተሽ አውጪ፤ እርጥብ አፈር ይዞ ከወጣ ጠብቂ። ስንጥሩ ሁለት ሦስት ቀን በተከታታይ ደርቆ ሲወጣ በደንብ አጠጪያት፣ ውሃው በታች እስኪፈስ። እኔ ቤት በሙቀቱ ወራት በየሁለት ሳምንቱ ግድም ነው፣ በብርዱ ወራት በወር አንዴ። ያንቺ ቤት ይለያል፣ ስለዚህ ቀን አትቁጠሪ። መሃሏ ላይ ውሃ አታፍስሺ፤ አፈሩን ነው።

አፈሩም መለወጥ አለበት። ከመደብር የሚመጡት አብዛኛውን ጊዜ ውሃ የሚይዝ አፈር ውስጥ ናቸው። የካክተስ አፈር ግዢና ግማሹን ያህል ፐርላይት ወይም ፑሚስ (ውሃ ቶሎ የሚያሳልፉ ቀላል ጠጠሮች) ቀላቅይበት። ከላይ ጠጠሩ በሙጫ ተጣብቆ ከሆነ መጀመሪያ እሱን ሰባብረሽ አውጪው። ሙጫው ውሃውን ወደ ጎን ያንሸራትተዋል፣ አፈሩ መድረቁንም ማየት አትችዪም።

ፎቶሽ ላይ አላየሁም እንጂ ይህን የምታነቡ ሌሎቻችሁ አናቱ ላይ ቢጫ ወይም ሮዝ አበባ ያለው ካክተስ ካላችሁ አበባውን ልብ ብላችሁ እዩት። ብዙ ጊዜ የደረቀ አበባ በሙጫ የተለጠፈ ነው። ጎረቤቴ «ኧረ እውነተኛ ነው፣ ይከፈታል ይዘጋል» ብላኝ ነበር። ውሃ ረጨንበት። ተዘጋ። ሲደርቅ ተከፈተ። ይህ ዓይነቱ አበባ ከሞተና ከደረቀ በኋላም እርጥበት ሲነካው ይታጠፋል፤ ሕያው አያሰኘውም። እንዳትነቅሉት፤ የካክተሱ ቆዳ ይቀደዳል። በትንሽ መቀስ ከአንገቱ ቁረጡት። የቀረው ሙጫ አናቱን ከደፈነው የጆሮ ኩክ ማውጫ ጥጥ በአልኮል እየነከራችሁ ሙጫውን ብቻ ቀስ እያላችሁ አላቁት።

ቀለም ሁሉ ግን ቅብ አይደለም፣ ይሄም ይታወቅ። አረንጓዴ ግንድ ላይ ቀይ ወይም ቢጫ ኳስ የተቀመጠባት ካክተስ ቀለሟ የራሷ ነው። ክሎሮፊል፣ ተክል በብርሃን ምግብ የሚሠራበት አረንጓዴ ነገር፣ ስለሌላት ብቻዋን መኖር አትችልም፤ ሌላ ካክተስ ላይ ተቆርጣ ተጣብቃ በእሱ ትመገባለች። ሰማያዊ ኦርኪድ ደግሞ ግንዱ ውስጥ ቀለም ተወግቶ ነው፤ በሚቀጥለው ሲያብብ አበባው ነጭ ይሆናል። ቀለም የምትወጂ ከሆነ ፐርለ ፎን ኑርንበርግ የምትባለውን ኤቼቬሪያ ፈልጊ። ወይን ጠጅና ሮዝ የተቀላቀለበት መልኳ የተፈጥሮ ነው፤ በቂ ፀሐይ ስታገኝ ይደምቃል።

እናቴ ሮዟን በቪዲዮ ሳሳያት ዝም ብላ አየቻትና «ቀለምማ የሚቀባው ግድግዳ ነው» አለችኝ። አዲስ አበባ ግቢያችን ጥግ እሬቷ ስታብብ ማን ምን ቀብቷት ነው እንዲያ የምትቀላው? የሚሸጡት ሰዎች ቢያንስ «ቀለም የተቀባ» ብለው ቢጽፉበት ምን ነበረበት? ገዥው አውቆ ይገዛ ነበር።

ሦስተኛዋ አሁን መስኮቴ ላይ ናት። እንደ ያንቺ ሰማያዊ ሃዎርቲያ ናት። ምንም አልነካኋትም፤ ብርሃን ሰጠኋት፣ ውሃ ቀነስኩባት፣ አፈሯን ለወጥኩ። የተቀቡት ቅጠሎች ከስር እየደረቁ አንድ በአንድ ወደቁ። ሁለት ዓመት ገደማ ፈጀባት። የመጨረሻው ቅጠል ሲወድቅ ቀለሙ አሁንም እንደ አዲስ ያበራ ነበር፤ ቅጠሉ ግን ወረቀት ሆኗል። ከጎኗ አራት ልጆች አውጥታለች፣ አራቱም አረንጓዴ፣ ነጫጭ ጉብጉቦቻቸው እንደ ጨሌ የተደረደሩ። አንዷን ለጎረቤቴ ሰጥቻታለሁ።

አሁን ፖቷን ገልብጠሽ ታቿ ቀዳዳ እንዳለው እዪልኝ። ከሌለው ዛሬውኑ ቀይሪላት፣ ሌላው ይደርሳል። ከወር በኋላ ደግሞ መሃሏን ከላይ አንስተሽ ፎቶ ላኪልኝ።