የስደተኛውን ሕግ ስንጠቅስ ሙሉውን እናንብበው

በውጭ አገር የምንኖር ኢትዮጵያውያን የጥገኝነት ወይም የመኖሪያ ፈቃድ ነገር በተነሣ ቁጥር፣ በዐውደ ምሕረትም ይሁን ለባለ ሥልጣን በምንጽፈው ደብዳቤ፣ ከኦሪት አንድ ትእዛዝ መጥቀስ እንወዳለን፤ እርሱም እስራኤላውያን ራሳቸው በግብፅ ስደተኞች ስለ ነበሩ ስደተኛውን እንዳይበድሉ የሚያዘው ነው። መጥቀሱን አልቃወምም። ነገር ግን በስደት ላይ ፀጉሩ የሸበተ ሰው ምክር የሚሰማ ከሆነ፣ በትእዛዙ ዙሪያ ያለውን ሕግ ሁሉ አስቀድመን ብናነበው ይበጀናል። ሕጉ ከምናስበው በላይ ዝርዝር ነው፤ ለአንዳንዱ እንግዳም ጠንካራ ነው፤ የተነገረውም ለስደተኛው ሳይሆን ለባለ ርስቱ ነው።

በጥንቱ እስራኤል መሬት በነገድና በቤተሰብ የተደለደለ ርስት ስለ ነበረ፣ ከሌላ አገር መጥቶ በመካከላቸው የተቀመጠው መጻተኛ አብዛኛውን ጊዜ የሚያርሰው መሬት አልነበረውም፤ የሚኖረው በሰው እርሻ ላይ በቅጥር እየሠራ ነበር። ሕጉም ይህን ስለሚያውቅ መጻተኛውን እንደ ራስህ ውደደው ብሎ ብቻ አላለፈም። በዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 ባለ እርሻው የማሳውን ዳርቻ ጨርሶ እንዳያጭድና ቃርሚያውን ለድኻውና ለመጻተኛው እንዲተው፣ በዘዳግም ምዕራፍ 24 ደግሞ በማሳው ረስቶት የሄደውን ነዶ ሊወስድ እንዳይመለስ ታዝዟል። እዚያው ምዕራፍ ላይ ድኻው ሠራተኛ ወንድሙም ቢሆን መጻተኛም ቢሆን፣ ደመወዙ ፀሐይ ሳትጠልቅ በዕለቱ እንዲከፈለው ተደንግጓል። የሰንበት ዕረፍትም እርሱን ይጨምራል፤ ሳያስበው ሰው የገደለ መጻተኛ እንኳ እንደ አገሬው ሰው ከ6ቱ የመማፀኛ ከተሞች ወደ አንዱ መሸሽ ይችል ነበር።

በዚህ ሁሉ ላይ ግዴታም አለበት። በቂጣ በዓል እርሾ ያለበትን እንዳይበላ፣ ደም እንዳይበላ፣ የእግዚአብሔርን ስም እንዳይሳደብ እንደ አገሬው ታዝዟል፤ የፋሲካውን በግ ለመብላት ግን አስቀድሞ የቤቱ ወንዶች ሁሉ መገረዝ ነበረባቸው። በመካከላቸው ያልተቀመጠው ባዕድ ደግሞ ከዚህ ያነሰ ነው ያለው፤ ከእርሱ ወለድ መቀበል ይፈቀዳል፣ በ7ኛው ዓመት ለወንድም የሚተወው ዕዳም ለእርሱ አይተውም። በዘዳግም ምዕራፍ 23 ሞዓባዊ ወደ ጉባኤው እንዳይገባ ተከልክሏል፤ ሞዓባዊቷ ሩት ግን በቤተ ልሔም በቦዔዝ ማሳ ቃርማ የዳዊት ቅድመ አያት ሆናለች። ከሁሉ የሚከብደው የዘሌዋውያን ምዕራፍ 25 ነው፤ ከእንግዶች የተገዛ ባሪያ ለልጅ የሚወረስ ንብረት እንዲሆን ይፈቅዳልና። ይህን መደበቅ አይጠቅመንም፤ በክርክር ላይ ሌላው ሰው ቢያነሣብን መልስ እንድናጣ ያደርገናልና።

በእስራኤል ለምትኖሩት አንድ ነገር ልጨምር፤ የኋለኞቹ የአይሁድ ሊቃውንት ከእነዚህ ትእዛዞች ብዙዎቹን የተረዱት ወደ አይሁድነት ስለ ገባው ሰው እንደ ተነገሩ አድርገው ነው፤ ስለዚህ ስለ ጥገኝነት ጠያቂ ስትከራከሩ ጥቅሱ ብቻውን ነገሩን ይቋጫል ብላችሁ አትጠብቁ።

አሁን ወደ ዋናው ምክሬ ልምጣ። ሕጉ የሚያናግረው ማሳ ያለውን ሰው ነው፣ ከእኛም መካከል ዛሬ ማሳ ያላቸው ጥቂት አይደሉም። ምግብ ቤት፣ ሱቅ፣ የጭነት መኪና ያለን ሰዎች አለን፤ ኬዙ ያላለቀለትና ወረቀት ያላገኘ አዲስ መጤም ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያንኳኳው የወገኑን በር ነው። የዚህን ሰው ደመወዝ «ሲመቸኝ እሰጥሃለሁ» እያሉ ማቆየት፣ ቲፑን መቁረጥ፣ ያለ ዕረፍት ቀን ማሠራት፣ ሲጠይቅም ወረቀት እንደሌለው ማስታወስ፣ ሕጉ ስደተኛውን አትበድል ሲል የከለከለው ዓይነት ነገር ነው። በዓረብ አገራት በደላላነት የሚሠሩ ወገኖቻችንም፣ የእኅቶቻችን ፓስፖርት ሲያዝና ደሞዛቸው ሲዘገይ ነገሩ የአሠሪው ብቻ ነው ሊሉ አይችሉም።

ኦሪትስ ስደተኛው የሚከብርበትን ቀን አልዘነጋችም። በዚያው በዘሌዋውያን ምዕራፍ 25 መጻተኛው በለጸገ፣ አገሬው ሰው ደግሞ ደኸየና ራሱን ለእርሱ ሸጠ ይላል። ያን ጊዜ ዘመዶቹ ሊቤዡት ይችላሉ፤ ሀብታሙ መጻተኛም ሰውየውን በየዓመቱ እንደሚቀጠር ሠራተኛ እንዲይዘው እንጂ በጭካኔ እንዳይገዛው ታዝዟል። እንግዲህ ሰው የቀጠራችሁ ሁሉ የሥራ ሰዓቱንና የክፍያውን ቀን በጽሑፍ ስጡት፤ በቀኑም ክፈሉት።